ልጄ ደብረ ብርሃን ደርሷታል፤ በእጄ የፈተልኩት ጋቢ ላሰራላት ነው

እናት ከኮተቤ

ሰላም ለሁላችሁም። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ምደባው ሲወጣ ደብረ ብርሃን ሆነ። ቅርብ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ሄጄ አይቻት ማታ ቤቴ መግባት እችላለሁ። የሚያሳስበኝ ብርዱ ነው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት እንደሚያድር ያየ ያውቀዋል።

የጥሪው ማስታወቂያ እንደተለመደው አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የትራስ ልብስ ይዛችሁ ኑ ይላል። አንሶላውንና የትራስ ልብሱን ገዝቻለሁ። ብርድ ልብሱን ግን ከመርካቶ ለመግዛት ልቤ እምቢ አለ። ያ ባለ አበባው ወፍራም ብርድ ልብስ ያሞቃል፣ አልክድም። እኔ ግን ከእጄ የወጣ ነገር ለብሳ እንድትተኛ ነው የምፈልገው። ስለዚህ ጋቢ ላሰራላት ቆርጫለሁ።

መፍተል እችላለሁ። እናቴ ቤት ሁላችንም እንዝርት ይዘን ነው ያደግነው። ግን ከያዝኩት ቆይቷል። ቀን ሥራ እውላለሁ፤ የምፈትለው ማታ ማታ ነው። በዓል ደግሞ አይፈተልም።

አሁን ጥያቄዬ። ሙሉ ጋቢውን በፈተል ላሰራው ወይስ ድሩን ከሱቅ ልግዛ? ምን ያህል ልፍተል? ሌላው ደግሞ የልጅቷ ነገር ነው። «እማ፣ ጋቢ እኮ የሽማግሌ ነው» ትለኛለች። ዶርም ውስጥ ልጆች ይለብሱታል? በቅርብ የተማራችሁ ንገሩኝ።

ሸማኔው ከሽሮ ሜዳ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ድሩን ግዢ፣ ማጉን ፍተዪ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ድር ተወጥሮ የሚውል ክር ነው። ማግ ደግሞ በድሩ መሃል እየተሻገረ የሚገባው ነው። ማግ በገባ ቁጥር ድሩ ይመታል፣ ይታሻል፣ ይሳባል። ስለዚህ የከረረና ጠንካራ መሆን አለበት። በእጅ የተፈተለ ድር የሚያወጡ እናቶች ዛሬም አሉ፣ እጃቸው ይባረክ። ግን እነሱ እንዝርት ከእጃቸው ያልተለየ ነው። ከያዝሽው ከቆየ ድርሽ እየተበጠሰ አንቺንም ሸማኔውንም ያስቸግራል። ማግ ሌላ ነው። ላላ፣ ወፈር ቢል ደስ ይለዋል። የጋቢን ልስላሴና ሙቀት የሚሰጠው እሱ ነው። የፋብሪካ ማግ የገባበት ጋቢ ሲነካ ያስታውቃል።

ጋቢ አራት ድርብ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጨርቁ ለብቻው ስስ ነው፤ እየተደረበ ነው ጋቢ የሚሆነው። ሙቀቱ የሚመጣው በድርቦቹ መሃል ከሚያዘው አየር ነው። አንዳንድ ሰው «ጠቅጥቀህ ምታልኝ፣ ወፍራም ይሁን» ይለናል። ጠቅጥቀን ከመታነው አየሩ ይወጣል። ጋቢው ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። አንቺ «ላላ አድርገህ ሥራልኝ» በይ።

ስንት ትፈትያለሽ ላልሽው፣ እንደ ክርሽ ውፍረት ስለሚለያይ ከሩቅ ቁጥር ብነግርሽ አሳስትሻለሁ። መጀመሪያ ሸማኔሽን ያዢ። አንድ ልቃቂት ፈትለሽ ውሰጂለት። ክሩን በጣቱ አይቶ ስንት ኪሎ ማግ እንደሚበቃ ይነግርሻል። ይህን ሳታደርጊ ብዙ ፈትለሽ ብትመጪና ክሩ ቢቀጥን፣ ጋቢው ነጠላ ሆኖ ይወጣብሻል።

ሌላው የመሃሉ ስፌት ነው። የእኛ መሸመኛ ጠባብ ነው፣ አንድ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ሁለት ቁራጭ ተሸምኖ ጎን ለጎን ይሰፋል። ጋቢ ቀድሞ የሚለቀው እዚያ ላይ ነው። ያንን ስፌት ለልብስ ሰፊ አትስጪው። አንቺ ራስሽ ስፊው። ከፈተልሽው ክር ሁለቱን አንድ ላይ አክርሪና በመርፌ ዳርና ዳሩን ብቻ እየያዝሽ፣ ጠጋ ጠጋ አድርገሽ ስፊ። ክሩን አጥብቀሽ አትሳቢ። ከሳብሽው መሃሉ ይሰበሰብና ጋቢው አልዘረጋም ይላል። በየስንዝሩ ቋጠሮ አድርጊ፤ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሙሉው አይተረተርም።

ጊዜውን አስቢበት። ሽመናው በቀናት ያልቃል። የሚረዝመው ፈተሉ ነው። ደግሞ የበዓል ሰሞን ሁላችንም ሥራ ይበዛብናል፣ ቀድመሽ ወረፋ ያዢ።

የቀድሞ ዶርመኛ

እናቴ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ነው የተማርኩት። ስለ ልጅዎ አያስቡ፣ ትለብሰዋለች። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁሉም ፍሬሽ ጃኬቱን ለብሶ ይታያል። ኅዳር ሲገባ ላይብረሪው ጋቢ በጋቢ ነው የሚሆነው። ከእራት በኋላ ሹራብ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ደብተር በብብቱ ይዞ መውጣት እዚያ ወግ ነው። ማንም ሽማግሌ አይልዎትም። እንዲያውም የሌለው ነው «ለዛሬ ማታ አውሰኝ» እያለ የሚዞረው።

ለእሷ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች ልንገርዎት።

አልጋው ተደራራቢ ብረት ነው። ላይኛው ከደረሳት ጋቢው በእንቅልፍ ልቧ ተንሸራቶ ይወርዳል። ስለዚህ ረዘም ይበል። እግር በኩል ከፍራሹ ሥር ተወሽቆ ከላይ እስከ አገጭ መድረስ አለበት።

ቡሉኮ እንዳያሰሩላት። ሙቀቱ ግሩም ነው፣ ማጠቡ ግን መከራ ነው። በሳፋ ነው የምታጥበው፣ ውሃም ሁልጊዜ የለም። ውሃ የጠጣ ቡሉኮ አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም። ጋቢ ከሥር፣ ስስ ብርድ ልብስ ከላይ፤ ይሄ ለደብረ ብርሃን ይበቃል።

ሦስተኛው ምልክት ነው። ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ ጋቢ ሁሉም አንድ ነው። ሰው ሊሰርቅ ባይፈልግ እንኳ ተሳስቶ ይወስዳል። የሆነ ምልክት ይኑረው።

ቀልጣፋዋ

እህቴ፣ ምን አደከመሽ? ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ተሠርቶ የተሰቀለውን መርጠሽ አትገዢም? ልጅቷ ልዩነቱን አታውቀውም። ያንን ጉልበትሽን ለሌላ ነገር ብታውዪው ይሻላል።

እናት ከኮተቤ

@ቀልጣፋዋ አሳቢነትሽ ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ግን ታውቀዋለች። እናቴ ለእኔ የፈተለችውን ጋቢ ከተገዛው መሃል ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። ደግሞ ስፈትል አጠገቤ ትቀመጣለች። ስልኳን ይዛም ቢሆን ትቀመጣለች። አሁን ከመሄዷ በፊት የቀሩን ምሽቶች እነዚህ ናቸው፤ እኔ በሌላ መንገድ ላሳልፋቸው አልፈልግም።

@የቀድሞ ዶርመኛ ተባረክ ልጄ። ያልከውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «እውነት ላይብረሪ ይለበሳል?» አለች። ዝም ብላ አሰበችና «እንግዲያው ጥለቱ ሰማያዊ ይሁን» አለች። ለእኔ ይህ ትልቅ ድል ነው።

የድሮ ፈታይ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ። እኔ ሰባት ልጅ ድሬአለሁ፣ ሁሉንም በእጄ ያልበስኩ ነኝ። የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እነግራታለሁ።

ከጥጡ ጀምሪ። ፍሬ ያለውን ጥጥ ካገኘሽ እሱን ግዢ፤ የተዳመጠውን ሳይሆን። ፀሐይ ላይ አስጥተሽ ሞቅ ሲል ፍሬው በቀላሉ ይለቃል። መዳመጫ ከሌለሽ ግን የተዳመጠውንም መግዛት ነውር የለውም፣ ጊዜሽ አጭር ነው። ዋናው በደጋን መነደፉ ነው። ደጋኑ ሲመታው ጥጡ ብን ብሎ ይነፋል፣ ቆሻሻው ይረግፋል። በደንብ ያልተነደፈ ባዘቶ ሲፈተል ይቋጠራል፣ ይበጠሳል፣ ያናድዳል። ብዙ ሰው እጄ ጠፋ የሚለው እጁ ጠፍቶ አይደለም፣ ጥጡ ሳይነደፍ ነው።

አመልማሎውን፣ ማለት ለፈተል የሚጠቀለለውን ጥጥ፣ ቀጠን አድርገሽ ጠቅልዪ። በግራ እጅሽ አታንቂው። ያዝ አድርጊው እንጂ ከጨበጥሽው ጥጡ አይመጣም። ለጋቢ ማግ ስለሆነ ብዙ አታክርሪው። እንዝርቱን አንዴ አሽከርክረሽ፣ ክንድሽን ዘርግተሽ፣ ክሩ ገና ለስለስ እንዳለ ጠቅልዪው። የከረረ ማግ ገላ ይከረክራል።

ብቻሽን አትፍተዪ። እህት የለሽም? ጎረቤት የለም? ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው። ፈተል በደቦ ነው የሚያልቀው። ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። የሁሉም ሰው እጅ አንድ አይደለም። የአንዷ ክር ይወፍራል፣ የሌላዋ ይቀጥናል። የአንዷን ጨርሶ የሌላዋን ከጀመረ ጋቢው ላይ መስመር ይወጣል። ሸማኔውን ልቃቂቶቹን እያፈራረቀ እንዲሠራ ንገሪው። አንድ ከአንቺ፣ አንድ ከእህትሽ። ያኔ ተቀላቅሎ አንድ ይሆናል።

ስለ አጠባው ደግሞ ልጨምር። አዲስ ጋቢ ሳይታጠብ አትስጫት። መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ርዝመቱን ጨመር አስደርጊ። ከታጠበ በኋላ ነው የሚለሰልሰው። በረኪና አታስነኪው። ለጊዜው ያነጣል፣ ክሩን ግን ይበላዋል። ሲታጠብ አይጠመዘዝም፤ ተጨምቆ ውሃው ይወርድና በሰፊው ይሰጣል።

እኛ በእንዶድ ነበር የምናጥበው። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ አረፋ ያወጣል፣ ነጭ ልብስ ያፈካል። አረፋው ዓይን እንዳይገባ ብቻ መጠንቀቅ ነው።

የቀድሞ ዶርመኛ

እማማ፣ እንዶድ ካሉማ አንድ ነገር ልጨምር፣ ባዮሎጂ ስለሆነ ያጠናሁት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት። ከዚያ ተነስተው ነው ስለ እንዶድ ያን ሁሉ ምርምር ያደረጉት። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት የኖሩትን ፍሬ ዓለም ያወቀው በዚያ ነው። ከርዕሱ ከወጣሁ ይቅርታ፣ ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የመንዝ ልጅ

ስለ ብርድ ከሆነ የመንዝ ሰው ሳይጠየቅ አያልፍም። እህቴ፣ ጋቢሽን ሥሪላት፣ ጥሩ ነው። ግን ጥጥ እርጥበት ይይዛል። ክረምት ላይ ዶርሙ ሲቀዘቅዝ ጋቢ አልደርቅ ይላል። እኛ አገር ከበግ ጠጉር የሚሠራ ባና አለ። ሱፍ እርጥብ ሆኖም ያሞቃል። ደብረ ብርሃን ራሷ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ለምን ይመስልሻል? የበጉ አገር ስለሆነ ነው።

ባና ይከረክራል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው። ለዚያ ነው ከሥር ጋቢ፣ ከላይ ባና የሚለበሰው። ጋቢው ገላዋን ይነካል፣ ባናው ብርዱን ይመልሳል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ስትሸኛት እግረ መንገድሽን ፈልጊላት።

የሰመራ አባት

የእናንተን ሳነብ ቀናሁ። የእኔ ልጅ ሰመራ ነው የደረሰው። እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት አለ፤ ጋቢ ይዞ ቢሄድ ሻንጣው ውስጥ ይከርማል። እኔ ግን ባዶ እጁን እንዲሄድ አልፈልግም። እናቱ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ምን ትሰጠው ነበር እያልኩ አስባለሁ። ሐሳብ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ካላችሁ ንገሩኝ።

የድሮ ፈታይ

ልጄ፣ እናቱን ነፍስ ይማር። ለቆላ ነጠላ ነው። በፈተል የተሠራ ስስ ነጠላ ላብ ይጠጣል፣ ማታ ለነፋሱ ይበቃል፣ ቀን ለፀሐይ ራስ ላይ ይጣላል። ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። የእናቱ ነጠላ ቤትህ ውስጥ ካለ ደግሞ አዲስ አትፈልግ። እሱን አጥበህ ስጠው።

የሰመራ አባት

እማማ፣ አለ። ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ቨርጂኒያ ያለችው

እናቶች፣ ጽሑፋችሁን እያነበብኩ አለቀስኩ። እኔ አሜሪካ ቨርጂኒያ ነኝ። ልጄ ኮሌጅ ስትገባ ክዊልት ሰፋሁላት። ለማታውቁት፣ ክዊልት ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም ብርድ ልብስ ነው። ሦስት ድርብ አለው። ላዩ የተገጣጠመው ጨርቅ ነው፣ መሃሉ ጥጥ፣ ሥሩ አንድ ወጥ ጨርቅ። ሦስቱ አንድ ላይ ተደርበው ከላይ እስከ ሥር ይሰፋሉ።

ቁርጥራጮቹን ከእሷው ልብስ ነው የወሰድኩት። የመዋዕለ ሕፃናት ቀሚሷ፣ የእግር ኳስ ቲሸርቷ፣ የጥምቀት ልብሷ፣ ሱሪ ሆኖ ጉልበቱ ያለቀ ጂንስ። መሃሉ ያስገባሁት እናቴ ከአገር ቤት የላከችልኝን ጋቢ ነው። ብዙ ዓመት ለብሼው ሳስቶ ነበር።

ይህን ማድረግ ለምትፈልጉ እንዲህ ነው። ጋቢውን መጀመሪያ በሙቅ ውሃ እጠቡት፤ ሊሰበሰብ ያለው ሁሉ ይሰብሰብ። እኔ አራቱን ድርብ እንዳለ ማሽን ውስጥ ባስገባው መርፌው ይሰበራል ብዬ ፈታሁት፣ ሁለቱን ድርብ ብቻ ተጠቀምኩ። በእጅ የተሠራ ጨርቅ ሲቆረጥ ይተረተራል፤ ስለዚህ ዳሩን በዚግዛግ ዙሩት። የጂንስ መርፌ አስገቡ። ከላይ ያለውን ስፌት በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አሳልፉት። አለበለዚያ ጋቢው በታጠበ ቁጥር ውስጥ ለውስጥ ይንሸራተታል።

ቲሸርት ያስቸግራል፣ ይለጠጣል። ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ ውስጥ የሚያስገቡትን በካውያ የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ ከጀርባው አጣብቁበትና ከዚያ ቁረጡት። ቁራጮቹን ስታጋጥሙ ከዳሩ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ገብታችሁ ስፉ፣ ሁሉም እኩል ይሁን። እያንዳንዱን ስፌት ካውያ አሳርፉበት። እዚህ የዶርም አልጋ 97 በ203 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክዊልቱን 170 በ230 አደረግኩት፣ በጎንና በጎን ወረድ ይላል።

አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል የጥቁር አሜሪካውያን መንደር አለች። ሴቶቹ ካለቀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ክዊልት ሲሰፉ የኖሩት ቤታቸው ስለሚበርድ፣ ልጆቻቸው እንዲሞቃቸው ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራቸው ሂዩስተን ሙዚየም ውስጥ ተሰቀለ። በ2006 በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ፎቶዎቹን ሳይ ያሰብኩት እናቴን ነው። ላለው ነገር ዋጋ ሰጥቶ ማሞቂያ ማድረግን እኛም እናውቀዋለን።

ከዱባይ

እኔ ዱባይ የሰው ቤት ነው የምሠራው። ልጄን እናቴ ናት ያሳደገችልኝ። ዘንድሮ እንጅባራ ደርሶታል፣ እዚያም ብርድ አለ። ገንዘብ ልኬ ጋቢ ተገዝቶለታል። ግን እናንተን ሳነብ የእኔ እጅ ያለበት ነገር እንዲኖረው ፈለግኩ። ጥጥ የለኝ፣ እንዝርት የለኝ። የሚመጣ ሰው አለ፣ ትንሽ ነገር ይይዝልኛል። ምን ላድርግ?

ቨርጂኒያ ያለችው

@ከዱባይ እህቴ፣ መርፌና ክር አለሽ አይደል? መዳፍ የምታህል ጥጥ ጨርቅ ቁረጪ። ስሙን ጥለፊበት። ከሥሩ የፈለግሽውን አንድ ቃል። ዳሩን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ስፊው። በፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ለያዘው ሰው አይከብደውም። እናትሽ ጋቢው ጥግ ላይ ትስፋው። ማታ ሲለብሰው አገጩ ሥር ያለው ያንቺ እጅ ይሆናል። ዶርመኛው ወንድማችን ያለው የምልክት ነገርም በዚያው ተፈታ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ባለ ቀለም ክርና ጨርቅ ከሆነ መጀመሪያ ለብቻው በሙቅ ውሃ እጠቢው። ቀለም የሚለቅ ከሆነ ነጩን ጋቢ ያበላሽበታል።

ከዱባይ

ተባረኪልኝ። ዛሬ ማታ ሁሉም ሲተኛ እጀምራለሁ።

እናት ከኮተቤ

ከጠፋሁ ቆየሁ፣ እየፈተልኩ ስለሆነ ነው። እስቲ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ጥጡን የተዳመጠ ገዛሁ። የሚነድፍ ሰው አስነደፍኩ። @የድሮ ፈታይ እማማ እንዳሉት ነው፤ መጀመሪያ ቤት የነበረኝን አሮጌ ጥጥ ስሞክር እየተቋጠረ አስቸግሮኝ ነበር። የተነደፈው ሲመጣ እጄ ወዲያው አስታወሰ። ሁለት እህቶቼና የግቢያችን ሴቶች እየመጡ እየፈተሉልኝ ነው። አንዷ ጎረቤቴ ልጇ ባለፈው ዓመት ፈተናው ሳይሳካለት ቀርቶ ሬሜዲያል ገብቶ ነበር፤ ዘንድሮ አልፏል። «የእኔም ልጅ ሲሄድ ትፈትሉልኛላችሁ» ብላ በደስታ ነው የምትፈትለው። የሁሉንም ልቃቂት ለየብቻ በላስቲክ አስቀምጬዋለሁ፣ ሸማኔው እንዲያፈራርቀው።

ልጄም ሞከረች። የመጀመሪያው ክሯ አንድ ቦታ እንደ ገመድ፣ አንድ ቦታ እንደ ፀጉር ነበር። አልጣልኩትም። እሱም ይገባል።

ምልክቱን @ቨርጂኒያ ያለችው ካለችው ወሰድኩ። የመጀመሪያ ክፍል ዩኒፎርሟን አልጣልኩትም ነበር፣ ሰማያዊ ነው፣ ከጥለቱ ጋር ይሄዳል። ከኪሱ ላይ ቁራጭ ወስጄ ስሟን በነጭ ክር እየጠለፍኩበት ነው። አጥቤዋለሁ፣ ቀለም አይለቅም።

@ሸማኔው ከሽሮ ሜዳ ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ይህን ቁራጭ በማሽን ላሰፋው ወይስ በእጅ? ጫፉን ደግሞ ማን ይቋጨዋል? ልቃቂቱንስ መቼ ላምጣልህ? የምታምነው ሰው ካለህም ንገረኝ፣ ግን አንተው ብትሠራልኝ ደስ ይለኛል።

ሸማኔው ከሽሮ ሜዳ

እህቴ፣ ጎበዝ። የልጅሽን ክር ባለመጣልሽ ደስ ብሎኛል። ወፈር ያለው ቦታ ጋቢው ላይ ትንሽ ጎላ ብሎ ይወጣል፣ ክር አያበላሽም። ጥለቱ አጠገብ አስገባዋለሁ፣ ስታየው ታውቀዋለች።

ቁራጩን በማሽን አታሰፊው። የማሽን ስፌት አራቱን ድርብ አንድ ላይ ቆንጥጦ ይይዝና ሲታጠብ ጋቢው ሲሰበሰብ፣ ቁራጩ ስለማይሰበሰብ ጥጉ ይጨማደዳል። በእጅ፣ የላይኛውን ድርብ ብቻ እየያዝሽ ስፊው። ያውም ጋቢው አንዴ ከታጠበ በኋላ። ከዳሩ አራት ጣት ያህል ገባ ይበል፣ ጫፉ ላይ ከሆነ ቶሎ ያልቃል።

ጫፉን እኔ አልቋጨውም። የድሩን ትርፍ ረዘም አድርጌ እተውልሻለሁ። አንቺና እሷ ቋጩት። ጥቂት ጥቂት ክር እየወሰዳችሁ፣ በሁለት ከፍላችሁ፣ ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ጭናችሁ ላይ አክርሩ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ ወደ ተቃራኒው ልቀቁት፣ ራሱ ይጠማዘዛል። ጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ። እሷ ከአንድ ጫፍ ትጀምር፣ አንቺ ከሌላው።

ሰማያዊውን ክር እኔ እገዛዋለሁ፣ ቀለም የማይለቀውን እኔ አውቀዋለሁ። የዩኒፎርሙን ቁራጭ ግን ይዘሽው ነይ፣ ቀለሙን አይቼ እንዳመሳስለው። ድሩንም ገና ስላልገዛሽ አብረን እንመርጠዋለን። ማክሰኞ ከሰዓት አለሁ፤ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ተራ ስትወርጂ በውስጥ ደውዪልኝ። ልጅቷንም ይዘሻት ነይ፤ ቁመቷን ልለካ ነው።